ግድብ ሥር ዓሣ ማስፈልፈል፦ ከስምንት ዓመት ሥራ የተማርኩት

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ደቡብ ጎንደር፣ ወረዳ ግብርና ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰላምታው ሳያልቅ «ጋሼ፣ ዓሣ እንደ ዶሮ ታስፈለፍላለህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። «በል እንግዲያው፣ ርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ወደ ላይ ወጥቶ የሚወልደው ዓሣ መንገዱ ተዘጋበት። እናንተ እንዴት እንደምታደርጉት ንገረኝና እኛም እናድርገው።»

በስልክ የሚያልቅ ነገር አልሆነም። ኔትወርኩም ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። እጽፍልሃለሁ አልኩት። ስጀምረው ደግሞ እዚህ አሜሪካ ሥራ የምትፈልጉ ልጆችም ብታነቡት አይከፋም ብዬ አሰፋሁት። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ያለሁት ኦሪገን ነው፤ ኮሎምቢያ የሚባለው ትልቅ ወንዝ አንድ ገባር ላይ፣ ግድብ ሥር። የማስፈልፈያውን ስም አልጠራም። ከታች የራሴን ጥፋትም የቤቱን ጉድም ስለማወራ ይቅርብኝ።

ከዚያ በፊት ፖርትላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «የዓሣ ክንፍ የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋሉ» ሲለኝ የሚቀልድ መስሎኝ ስቄበት ነበር። ቀልድ አልነበረም። በረጅም ተጎታች ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን፣ ማደንዘዣ ካለበት ውሃ ጣት የምታክል ሳልመን የምትባል ዓሣ እያወጣን፣ ጀርባዋ ላይ ከጅራቷ ጠጋ ብላ ያለችውን ትንሽ ክንፍ በመቀስ ቀጨም። ቀጥሎ ሌላዋን። እንደገና ሌላዋን። ቀኑን ሙሉ። ክንፏ የሌለችው ዓሣ በሰው እጅ እንዳደገች ይታወቃል። በብዙ ቦታ ዓሣ አጥማጁ እሷን ይዞ ይሄዳል፤ ክንፏ ያለውን የወንዝ ልጅ ግን ይለቃል። ከፊሎቹ አፍንጫ ውስጥ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም ሽቦ ትገባለች። ሽቦዋ ላይ ቁጥር አለ። ዓሣዋ ከዓመታት በኋላ ስትያዝ ጭንቅላቷ ላቦራቶሪ ሄዶ ቁጥሩ በማይክሮስኮፕ ይነበባል፤ የት እንደተፈለፈለች፣ መቼ እንደተለቀቀች ይታወቃል። የመጀመሪያ ሳምንት ማታ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ክንፍ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ግድቡ ልምጣ። ይህ ካልገባ የእኛ ሥራ ለምን እንዳለ አይገባም።

ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይወለዳል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ለመውለድ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የኮሎምቢያ ወንዝ ሥርዓት በዓለም ሳልመን ከሚበዛባቸው አንዱ ነበር። ከዚያ ግድብ መጣ። ግራንድ ኩሊ የሚባለው፣ በ1933 ተጀምሮ በ1942 ያለቀው፣ ቁመቱ 168 ሜትር ገደማ ነው። ዓሣ እየዘለለ የሚወጣበት መሰላል፣ ማለትም የውሃ ደረጃ፣ የለውም። ከእሱ በላይ ያለው የመውለጃ ወንዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ለዚያ ምትክ ተብሎ ሌቨንወርዝ ላይ ማስፈልፈያ ተሠራ። ስኔክ በሚባለው ገባር ላይ ደግሞ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1975 አራት ግድቦች ተደረደሩ። እነዚህ መሰላል አላቸው። ግን ከላይ ለሚመጣው ጫጩት መሰላሉ ብዙ አይረዳውም። ተርባይኑ አለ፤ የተኛው ውሃ ሙቀት አለ፤ በተኛው ውሃ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ሌላ ዓሣ አለ። በ1976 ኮንግረሱ ለጠፋው ዓሣ ማስፈልፈያ እንዲሠራ ፈቀደ። የፕሮግራሙ ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የታችኛው ስኔክ ወንዝ የዓሣና የዱር እንስሳት ካሳ ዕቅድ» ነው።

ካሳ የሚለው ቃል ከልቤ አልወጣም። እኛ አገር ካሳ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። መሬቱን የተነሣ ገበሬ የሚቀበለው ነው፤ ሰው የሞተበት ቤተሰብም ለእርቅ ይቀበለዋል። ቆቃ ግድብ ራሱ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው ይባላል። ካሳ የተቀበለ ሰው ያጣው ነገር እንደማይመለስለት ያውቃል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ዓሣውን ስለለቀቅን ወንዙ የተመለሰ ያህል ይወራል።

ይህን በደንብ ያስረዳኝ አብሮኝ የሚሠራ፣ ያካማ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነ ሰው ነው። ሕዝቡ በ1855 ውል መሬቱን ሲሰጥ በለመደው ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብቱን አስቀርቷል። ሴሊሎ የሚባል ፏፏቴ ነበር። ከእንጨት በተሠራ መደብ ላይ ቆመው፣ ረጅም እጀታ ባለው መረብ ሳልመን የሚያወጡበት፣ ከሩቅ ከቅርቡ ሰው የሚገበያይበት። መጋቢት 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉ። ፏፏቴው በሰዓታት ውስጥ ውሃ ሥር ገባ። «አያቴ ያን ቀን ወንዙ ዝም አለ ትላለች» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ የማስፈልፈያ ቁጥር ስንጽፍ እንደ በፊቱ ደስ አይለኝም። ሥራውን ግን እንደ ቀልድ አልሠራውም።

እሺ፣ ወደ ባልዲው እንሂድ።

መስከረም አካባቢ ቺኑክ የሚባለው የሳልመን ዓይነት ከባሕር ይመለሳል። መሰላሉን እየዘለለ ማቆያ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሆዷን ስትዳስስ የለሰለሰች ሴት ደርሳለች ማለት ነው። ቺኑክ ከወለደ በኋላ መሞቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቶሎ ይገደልና ሆዱ ይከፈታል። እንቁላሉ አተር ያህላል፤ ቀለሙ ብርቱካን ነው። ከአንዲት ሴት ከ3,000 እስከ 5,000 ይወጣል። ላዩ ላይ የወንዱን ፈሳሽ ታፈሳለህ፣ ውሃ ትጨምራለህ፣ በእጅህ ቀስ ብለህ ታዋህዳለህ።

ቀላል ይመስላል። ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። የወንዱ ዘር ውሃ ሲነካው ይነቃል። ከነቃ በኋላ ዕድሜው ደቂቃ አይሞላም። እንቁላሉም ውሃ ከነካው ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ባልዲው ደረቅ መሆን አለበት፤ ሴቷም ከመከፈቷ በፊት ተጠርጋ መድረቅ አለባት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዝናብ ላይ ቆሜ እሠራ ነበር። ከካፖርቴ እጅጌ ውሃ ይንጠባጠባል። ማንም አላየ፤ እኔም አላየሁ። ከወር በኋላ የእኔ ትሪዎች ግማሽ በግማሽ ነጭ ሆነው ተገኙ። ነጭ እንቁላል የሞተ ነው። አለቃዬ ምንም አልተናገረም። ፎጣ ብቻ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ፎጣ ከትከሻዬ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ምርጫ ነው። ሰው ሆኖ ትልቁን ወንድ የማይወድ የለም። ጉልቤውን እየመረጥክ የሁሉም ሴት ባል ካደረግከው ግን ከጥቂት ትውልድ በኋላ ገንዳው ሙሉ ወንድማማች ይሆናል። አንድ ሴት ለአንድ ወንድ። ትንሹም ትልቁም፣ ቀድሞ የመጣውም ዘግይቶ የመጣውም ይግባ። ቀድመው በመጡት ብቻ ቁጥር ሞልተህ ብትዘጋ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚመለሰው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ ብቻ ይሆንብሃል።

እንቁላሉ በአዮዲን ታጥቦ ትሪ ላይ ይተኛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ እስከ ታች ይፈስበታል። ከዚህ በኋላ የምንቆጥረው ሙቀት ነው። የየቀኑን የውሃ ሙቀት ትደምራለህ። ቺኑክ የሚፈለፈለው ድምሩ 500 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ 50 ቀን ያህል፤ 5 ዲግሪ ከሆነ እጥፉ። ግማሽ መንገድ ላይ በእንቁላሉ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይታያል። ዓይኑ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ያየውን ነገር።

ከሁለተኛው ቀን አንስቶ ዓይኑ እስኪታይ ድረስ ትሪውን አትነካም። እንግዳ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ አትነካም። በዚያ ጊዜ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይገድለዋል። ዓይኑ ከታየ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለህ። እንቁላሉን ከአንድ ባልዲ ወደ ሌላ ከፍ አድርገህ ትገለብጠዋለህ። ያልጸነሰው ይነጣል፤ የጸነሰው ምንም አይሆንም። ነጩን ትለቅማለህ። ካልለቀምከው ፈንገስ ይይዘውና እንደ ጥጥ እየተዘረጋ ደህናውን ያንቃል።

ሽታውን ሳልነግራችሁ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለቤቴ ልብሴን ጋራዥ ሳላወልቅ ቤት አታስገባኝም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሕፃን እናቷን «ዓሣ ይሸተኛል» ስትል ሰማኋት፤ ያውም በጾም።

ከተፈለፈለ በኋላ ጫጩቱ ሆዱ ላይ የእንቁላል አስኳል ይዞ ይቆያል። እሱን ሲጨርስ ወደ ላይ ይዋኛል፤ ያኔ መመገብ ይጀመራል። ጥቂት፣ ግን በቀን ብዙ ጊዜ። አዲስ ሰው ሁሉ አብዝቶ ይመግባል፤ ደግነት ይመስለዋል። የተረፈው ምግብ ከታች ይበሰብሳል፣ ኦክስጅን ይበላል፣ የዓሣው ስንጥብ ይታመማል። ስንጥቡ የታመመ ዓሣ ከላይ እየተንሳፈፈ አፉን ይከፍታል። ያን ካየህ ቢያንስ ሁለት ቀን ዘግይተሃል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ረጅም የኮንክሪት ገንዳ አለ፤ ውሃ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውሃው ሲቀንስ የሚጮህ አላርም አለው። አንድ የኅዳር ቀን ገንዳ ለማጠብ አላርሙን አጠፋሁት። ጨረስኩ። ሻይ ልጠጣ ገባሁ። አላርሙን ረሳሁት። ማታ ነፋስ ተነሣና ከግድቡ በሚመጣው ቱቦ አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ቅጠል ደፈነው። በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ግማሽ ሆኖ፣ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ነጭ ምንጣፍ መስሎ አገኘሁት። ዓመት ሙሉ የተመገበ ዓሣ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። አልተባረርኩም። ግን የቤቱም ጉድ ወጣ፤ ለካ አላርሙ ሲጠፋ ለሌላ ሰው የሚያሳውቅ ምንም ነገር አልነበረም። አሁን አላርም ያጠፋ ሰው ቀይ ካርድ አንገቱ ላይ ያስራል። እስኪያበራው ድረስ ካርዱን አያወልቅም፤ ምሳ ሲሄድም ቢሆን። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ከዓሣው በኋላ የመጣ ሐሳብ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው ምክሬ ይኼው ነው፦ ሕንፃውን ከማሰብህ በፊት ውሃውን አስብ። ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ውሃው ይመጣል ወይ? በፓምፕ ከሆነ ጄኔሬተሩን ማን ያስነሣል? ነዳጁስ ይኖራል? በስበት የሚወርድ ውሃ ካለህ ግማሹን ችግር ጨርሰሃል።

በጸደይ ዓሣው ይለቀቃል። አንዳንዱ በር ተከፍቶለት በራሱ ይሄዳል። አንዳንዱ ኦክስጅን ባለው ቦቴ ይጫናል። የመኪናው ውሃና የወንዙ ውሃ ሙቀታቸው ከተራራቀ ቀስ በቀስ ማቀራረብ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ቁልጭ ያለ ዓሣ ደፍተህ የሞተ ትለቅማለህ። ሳልመን ወደ ቤቱ የሚመለሰው የውሃውን ሽታ ይዞ ነው። በመኪና ሩቅ ከወሰድከው ግድቦቹን ያመልጣል፣ ግን መንገዱን አያውቅም፤ ሲመለስ ሌላ ወንዝ ይገባል። ከአይዳሆ የሚነሣው በራሱ ከዋኘ ደግሞ እስከ ባሕር ስምንት ግድብ ያልፋል። ሁለቱም መንገድ ዋጋ አለው። ከለቀቅነው ከመቶ አንድ ከተመለሰ ጥሩ ዓመት ነው እንላለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይመቸኝን ልናገር። በገንዳ ያደገ ዓሣ ሰው ሲያይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምግብ የመጣ ይመስለዋል። የወንዝ ዓሣ ጥላ ሲያይ ይሸሻል። ወፏም ይህን ታውቃለች። ነገሩ ወደ ደምም ይገባል። ሁድ ወንዝ ላይ በስቲልሄድ ዓሣ ተጠንቶ በ2007 የወጣ ጥናት፣ በሰው እጅ ባደገ በእያንዳንዱ ትውልድ ዓሣው በወንዝ ውስጥ የመራባት አቅሙ 40 በመቶ ያህል እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ አንዳንድ ማስፈልፈያዎች የወንዝ ተወላጅ ወላጆችን እየቀላቀሉ ይሠራሉ። ይረዳል። ግን የወንዝ ተወላጅ ካለቀ ከየት ይመጣል?

ግድቡ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዓይናችን አይቷል። ክላማዝ ወንዝ ላይ አራት ግድቦች ተነሥተው በ2024 አለቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቺኑክ ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶበት ወደነበረው ውሃ ወጣ። ሥራ ቦታ ዜናውን ስንሰማ ሁላችንም እልል አልን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። የእኛ እንጀራ ግድቡ ስላለ ነው።

ሥራ ለምትፈልጉ ባጭሩ። የፌደራል ማስፈልፈያ ላይ ለመቀጠር አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ይጠየቃል። የስቴት፣ የመብራት ድርጅቶችና የነባር ሕዝቦቹ ግን አሉ፤ የሥራ ፈቃድ ካላችሁ ሞክሩ። በወቅታዊ ቅጥር ግቡ። ክንፍ ቆረጣ በጣም ጥሩ በር ነው፤ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ተፈላጊ ነው፤ ዓሣውን የሚያጓጉዝ ያስፈልጋላ። ከባድ ነገር ታነሣላችሁ፣ ወገባችሁን ጠብቁ። ብዙ ቦታ ግቢ ውስጥ ቤት ይሰጣሉ። ነፃ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊት አላርም ሲጮህ በፒጃማ የምትሮጡት እናንተ ናችሁ። ከሐበሻ ሰፈር ሩቅ ነው። እንጀራ በየሁለት ሳምንቱ ከፖርትላንድ አምጥቼ ፍሪዘር እከታለሁ።

ለአክስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የጻፍኩለት ይህ ነው። በግድቡ ሐይቅ ላይ ዓሣ ይመረት ካላችሁ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይበቃል። ቆሮሶ በተኛ ውሃ ይወልዳል፣ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩቱን ማባዛት ያውቅበታል፣ እኔን አያስፈልጋችሁም። ባርበስ የሚባለው የጣና ዓሣ ግን ሌላ ነው። አሥራ አምስት ያህል ዓይነት አለው፤ ሌላ ቦታ የለም። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው የሚወልዱት። እኔና አንተ ልጅ ሆነን ጉማራ ላይ ሰዎች ብርብራ ወቅጠው ውሃው ውስጥ ሲበትኑ፣ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ፣ በቅርጫት ስናፍስ ነበር። ያ ሁሉ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ ነበር። ማስፈልፈያ ከመሥራታችሁ በፊት ያን ማስቆም፣ በመውለጃው ወር የወንዙን አፍ መረብ እንዳይዘጋው ማድረግ፣ ጠጠሩና አሸዋው እንዳይወሰድ መከልከል፣ ከግድቡም በክረምት ውሃ እንዲለቀቅ መጠየቅ ዋጋው ይረክሳል። ከዚያ ካልበቃ ስለ ገንዳ እናወራለን።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ከግድቡ በታች ያለውን ውሃ ሙቀት ጠዋትና ማታ ለካ፤ ዓሣው የቱ ጠጠር ላይ እንደሚወልድ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቅ፣ ጻፈው አልኩት። ሁለት ቴርሞሜትር በሰው ላክሁለት። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ በቴሌግራም ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የማክሰኞ ማታው ባዶ ነው። «ጋሼ፣ ዝናብ ነበር» ይላል። በዝናቡም ቀን ለካ፣ እንዲያውም የምፈልገው እሱን ነው ብዬ መለስኩለት።